ማሲንቆው በእንግድነት ሲጠራ

ባሕር ዳር ላይ አዲስ የሙዚቃ ቡድን ተቋቋመ ሲባል ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል፤ «ባህላዊውን ከዘመናዊው አዋህደን…»። ክሊፑም አስቀድሞ ይታወቃል። ድሮን ጣና ላይ ይንሳፈፋል፣ አንድ ታንኳ ይታያል፣ ዋሽንት ለዐሥር ሰከንድ ያህል ያዜማል። ከዚያ በኮምፒውተር የተሠራው ቢት ዱብ ይላል፤ ዋሽንቱም በዚያው ይቀራል። ማሲንቆ ካለ ደግሞ ሁለተኛው አዝማች ሲያልቅ ስምንት ባር (አንዱ ባር አራት ምት ነው) ይሰጠውና ቀስ እያለ ይጠፋል።

ይህን ቅልቅል ለማለት ይከብዳል። ማሲንቆው የተጠራው በእንግድነት ነው፤ እንግዳ ደግሞ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል።

ስልት ለመቀላቀል የተነሣ ቡድን ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊት በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ ባለቤቱ ማን፣ እንግዳው ማን እንደሆነ ቢወስን ይሻለዋል። ምቱ የማን ነው? ቅኝቱ፣ ማለትም ዜማው የሚመላለስባቸው ድምፆች፣ የማን ነው? ስንኙ የሚራመደው በማን እግር ነው? ለሦስቱም ጥያቄ «የሁለቱም» የሚል መልስ የተሰጠበት ዘፈን መጨረሻ ላይ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የመጀመሪያ አልበም ላይ ይህ ስሕተት የበለጠ ያስከፍላል፤ አድማጭ ቡድኑን የሚመዘግበው በዚያች በመጀመሪያ ድምፁ ነውና።

መቀላቀሉ በራሱ አዲስ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ ይዘው ነው የመጡት። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎንን (በዱላ የሚመቱ የብረት ሰሌዳዎች ያሉትን መሣሪያ) ከአገሩ ቅኝት ጋር ካገናኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ ሰፈራችን ስንቀርብ፣ የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 ከአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ከቢል ላስዌል ጋር ባወጣችው አልበም ዙሪያዋን የጃዝ ሰዎችና ከባድ ቤዝ ከበዋታል፤ የቤቱ እመቤት ግን ድምጿ ነው፣ ሌላው ሁሉ ወንበር ተስቦለት የተቀመጠ ነው። ሮፍናን እ.ኤ.አ. በ2018 በመጀመሪያ አልበሙ ያደረገው ተቃራኒውን ነው፤ ባለቤቱ የኤሌክትሮኒክ ዳንሱ፣ እንግዳው የአገር ቤቱ ድምፅ። ሁለቱም መንገድ ያደርሳል። የማያደርሰው ሳይወስኑ መነሣት ነው።

አሁን የብዙ ወጣቶች ጆሮ ያለው በደቡብ አፍሪካው የዳንስ ስልት በአማፒያኖ ላይ ስለሆነ እሱን ይዘን እንየው። ፍጥነቱ በደቂቃ 112 ምት አካባቢ ነው፤ እያንዳንዱ ምት ውስጡ ለአራት እኩል ይከፈላል። እስክስታ የሚወረድበት ጭክጭካ ግን ምቱን ለሦስት ይከፍላል፤ ሙዚቀኞች «ስድስት ስምንተኛ» የሚሉት እሱን ነው። የላይኛው ፍጥነት አንድ ሊሆን ይችላል፤ ጣጣው ከውስጥ ነው። በ112 ፍጥነት አንድ ምት 536 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ለሦስት ሲከፈል ሁለተኛው ድምፅ 179ኛው ሚሊሰከንድ ላይ ያርፋል፤ ለአራት ሲከፈል ደግሞ 134ኛው ላይ። በሁለቱ መካከል 45 ሚሊሰከንድ ያህል አለ። ይህች ክፍተት ክፉ ናት። ሁለቱ ድምፆች አንድ መስለው እንዳይሰሙ ትሰፋለች፤ እንደ ጥሪና መልስ እንዳይሰሙ ደግሞ ትጠባለች። የሚሰማው መደናቀፍ ብቻ ነው።

ምክንያቱን የማያውቅ አድማጭ ማሲንቆ መቺው የዘገየ ይመስለዋል። የሚያሳዝነው አቀናባሪውም እንዲሁ መስሎት ማሲንቆውን በኮምፒውተር እየቆራረጠ ወደ አራቱ ሳጥን መጎተቱ ነው። ይህን «ኳንታይዝ» የሚሉትን አድርጎ ሲጨርስ መስመሩ ሁሉ ተሰካክቷል፤ ስክሪኑ ላይ ያምራል። ትከሻ ግን አይነቃነቅም። ትከሻ የሚሰበቀው በሦስቱ ላይ ነበር።

መፍትሔው ከቅደም ተከተል ይጀምራል። መጀመሪያ ከበሮና ጭብጨባ ይቀረጽ፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ለከበሮ መቺው በጆሮ ማዳመጫ የሚሰጠው ክሊክ (የምት ቆጣሪው ድምፅ) ዋናውን ምት ብቻ ይምታ፤ ውስጡን እሱ ይሙላው። ጥሩ ከበሮ መቺ ሦስቱን እንደ ማስመሪያ እኩል አይከፍላቸውም፤ አንዷን ትንሽ ይገፋታል፣ ሌላዋን ይስባታል፤ የሰፈሩ ጣዕም ያለው እዚያ መጎተትና መግፋት ውስጥ ነው። ከዚያ ሃይ-ሃቱና ሼከሩ (ምቱን በቀጭኑ የሚከፋፍሉት ድምፆች) በዚያ ከበሮ ልክ ይቀመጡ፤ የፕሮግራሙም ፍርግርግ በአንድ ባር 16 ክፍል መሆኑ ቀርቶ 12 ይሁን። ሦስትና አራት የሚገናኙት ዋናው ምት ላይ ብቻ ስለሆነ የአማፒያኖው ጥልቅ ቤዝ፣ ሎግ ድራሙ፣ ከባድ ኖታዎቹን እዚያ ላይ ይጣል። «የለም፣ የአራቱ ሼከር የግድ ያስፈልገኛል» የሚል ካለ 16 ባር ለብቻው ይስጠውና ማሲንቆው በዚያን ጊዜ ይረፍ። ሲመለስ ሼከሩ ይውጣ። ተራ በተራ መነጋገር ማለት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማስጮህ ግን የገበያ ቀን ጫጫታ ነው።

ታችኛው ድምፅ ላይም ያው ግጭት አለ። የከበሮው ሰፊ አፍና የኤሌክትሮኒክ ኪኩ (ዱብ የሚለው የቢቱ ከበሮ) የሚተራመሱት አንድ ጓዳ ውስጥ ነው። ሁለቱም ሙሉ ሆነው ከተተዉ ሚክሱ (የድምፆቹ ድብልቅ) ይደፈርሳል፤ ያኔ አቀናባሪው ከበሮውን ከሥሩ ይቆርጠዋል፣ ከበሮው ካርቶን የተመታ ይመስላል። በአንድ ዘፈን ላይ አንዱ ብቻ ታችኛውን ይያዝ። ከበሮው ከያዘ ኪኩ አጭርና ደረቅ ይሁን። ከበሮው በሁለት ማይክ፣ በሰፊውና በጠባቡ አፍ በኩል ከተቀረጸ ደግሞ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጦ ማዳመጥ ግድ ነው፤ ብዙ ጊዜ «ቤዙ የት ሄደ?» የሚያሰኘው ይህች አንዲት ቁልፍ ሳትነካ መቅረቷ ነው።

ወደ ቅኝት እንምጣ። ከኢንተርኔት የወረደ ሎፕ (እየተደጋገመ የሚዞር ቁራጭ ሙዚቃ) ቅኝትን የሚያጠፋው እንደ ሌባ በጓሮ በኩል ገብቶ ነው። ሜጀር ትዝታን ከዶ ብንጀምረው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። በዓለም ላይ በብዛት የሚዞረው የአራት ኮርድ (ባንድነት የሚመቱ ድምፆች) ዑደት ግን የዶን፣ የሶልን፣ የላንና የፋን ኮርድ ያፈራርቃል። የፋ ኮርድ ፋን ይዞ ይመጣል፣ የሶል ኮርድ ሲን ይዞ ይመጣል። ድምፃዊቷ ትዝታውን አጥርታ ብትዘፍንም ከሥሯ ያለው ወለል የሌላ ቤት ነው። እናም «ግጥሙ ጥሩ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል» ይባላል። ጎደለ የተባለው እንዲያውም ተርፎ ነው፤ ሁለት ድምፅ ተርፏል።

አምባሰል ላይ ነገሩ ይረቅቃል። ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ፍላት (ፍላት ማለት ግማሽ እርምጃ ዝቅ ያለ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሚም ሚ ፍላትም የሉበትም፤ ስለዚህ ዶ ላይ የቆመው ኮርድ ሜጀርም (ብሩሁ) ማይነርም (ሐዘንተኛው) ሊሆን አይችልም። ኪቦርድ ተጫዋቹ የለመደው ሙሉ ኮርድ ነውና ጣቱ ፍለጋ ይወጣል፤ ሁለት ያገኛል። አንዱ ፋ ማይነር፣ ሌላው ሬ ፍላት ሜጀር ነው። ሁለቱም ከቅኝቱ ድምፆች ብቻ የተሠሩ ስለሆኑ ስሕተት አይመስሉም። ሁለት ዙር እንደተመቱ ግን ጆሮ ቤቱን ከዶ ወደ ፋ ያዛውረዋል፤ አምባሰሉም አንድ ተራ ያዘነ የማይነር ዘፈን ይሆናል። አንድም የተሳሳተ ድምፅ ሳይመታ ቅኝቱ ጠፋ ማለት ነው። መድኃኒቱ ቤዝ ጊታሩ ነው፤ ዶን አይልቀቅ፤ ቢንቀሳቀስም ዶና ሶል መካከል ይመላለስ። ኪቦርዱ ሬ ፍላቱን ከዶው በላይ ቢደርበው ያ መፋተግ ራሱ የአምባሰል ቁጭት ነው፤ ማለስለስ አያስፈልግም።

አንቺሆዬን ከሮክ ጊታር ጋር ለማጋባት የሚሞክሩም አሉ፤ ሐሳቡ አያስጠላም፣ ወጥመዱ ግን ይታወቅ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው። ሮክ ጊታር የሚቆመው ዶን ከሶል አጣምሮ በሚመታ ፓወር ኮርድ ላይ ነው፤ እዚህ ግን ሶል የለም፣ ያለው ሶል ፍላት ነው። በዲስቶርሽን (ድምፁን በሚያሻክረው ኢፌክት) ሲጮህ ሁለቱ ግማሽ እርምጃ ተራርቀው ይፋጃሉ። ጊታሩ ነጠላ ድምፅ ይምታ፣ ወይም ዶን በኦክታቭ ብቻ ይደግም። ይህን ቅኝት በልጅነቱ ያልጠገበ ድምፃዊ ያለው ቡድን ለሁለተኛው አልበም ቢያቆየው አይጎዳም።

የዘፈኑ ቁልፍ (መነሻ ድምፁ) የሚመረጠውም ከላፕቶፑ አይደለም። ዋሽንት አራት ቀዳዳ ያለው ሸምበቆ ነው፤ ርዝመቱ አንዴ ከተቆረጠ ቁልፉም አብሮ ተቆርጧል፤ ለዚህ ነው ዋሽንት ነፊ በርከት ያለ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው። ማሲንቆና ክራር መቃኛቸው ይዞራል፣ ላፕቶፑ በአንድ ጣት ይቀየራል። ስለዚህ ቅድሚያ ለድምፃዊው ጉሮሮ፣ ቀጥሎ ለዋሽንቱ፣ ከዚያ ለሌላው። ቢቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ዋሽንት ነፊ ተጠርቶ «በዚህ ንፋልን» ሲባል፣ የሌለውን ድምፅ በከንፈሩ እያጎነበሰ ሊደርስበት ይሞክራል፤ ያ ነው በኋላ በአውቶ ቲዩን ተስተካክሎ ፕላስቲክ ፉጨት የሚሆነው።

ስለ ቀረጻ፣ ክረምት ላይ ስቱዲዮ የሚገባ ቡድን ሁለት ጠላት አለው። አንዱ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ዝናቡ የሚበረታው ባብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አኩስቲክ መሣሪያ ጠዋት ይቀረጽ፣ ከሰዓቱ ለኪቦርድና ለኤዲቲንግ ይዋል። ሌላው እርጥበት ነው። የማሲንቆ ቆዳና የፈረስ ጭራው እርጥበት ሲጠጡ ይረግባሉ፤ ድምፁ በየሃያ ደቂቃው ቁልቁል ይንሸራተታል። ጠዋት የተቀረጸው አዝማች ከሰዓት ከተቀረጸው ጋር አልገጥም ሲል ጥፋቱ ይሄ ነው። ከእያንዳንዱ ቴክ (አንድ ዙር ቀረጻ) በፊት ይቃኝ፤ ላ በ440 ሄርትዝ ላይ መሆኑ በቲዩነር ይታይ። ደጋኑ ላይ እጣን ይታሻል፤ ሲያንስ ጭራው ይንሸራተታል፣ ሲበዛ ይቧጭራል፤ ከቀረጻ በፊት ለአምስት ደቂቃ ያህል መትቶ ማሟሸት ይበጃል።

ማይኩን ማሲንቆው ቆዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ስሕተት ነው። የሚገባው የደጋኑ መቧጨር ነው፣ ድምፁ አይደለም። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ወደ ቆዳው ዞሮ፣ ከደጋኑ መንገድ ትንሽ ፈቀቅ ይበል። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ከመቺው ጀርባ ፍራሽ ማቆም፣ ጋቢና ብርድ ልብስ መስቀል ይበቃል፤ ውድ ስፖንጅ የግድ አይደለም። የባጃጁን ድምፅ ግን ብርድ ልብስ አይከለክለውም፤ ለእሱ መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ያልዞረ ክፍል መፈለግ ነው።

ማሲንቆና የሰው ድምፅ የሚኖሩት አንድ ከፍታ ላይ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ጎላ አድርጎ ለማሰማት በኢኳላይዘር የሚደረግ ትግል መጨረሻ የለውም። አዝማሪ ይህን ያለ ኢኳላይዘር ፈትቶታል፤ ሲዘፍን ማሲንቆው ከሥሩ ዜማውን ይከተለዋል፣ ትንፋሽ ሲወስድ ማሲንቆው ወደ ፊት ይወጣል። የቅንብሩን ንድፍ ከዚህ መውሰድ ነው። በሁለት ስንኝ መካከል አንድ ባር ባዶ ይተው፤ እዚያ ማሲንቆው ይመልስ።

ግጥሙ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የጎጃም ሰው ያለ ቅኔ ዘፈን አይጥመውም። የወል ቤት ስንኝ ስድስት በስድስት፣ በድምሩ ዐሥራ ሁለት ቀለም ነው። ምቱ ለሦስት በተከፈለ ባር ውስጥ ያሉት ቦታዎችም ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ እንግዲህ ስንኙና ጭክጭካው አብረው ያደጉ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለአራት በተከፈለ ባር ግን ዐሥራ ስድስት ቦታ አለ፤ አራቱ ባዶ ይቀራሉ። ጀማሪ ገጣሚ በ«ኧረ»፣ በ«ወይ» እና በ«ሆ» ይሞላቸዋል። ከዚያ ሁለቱን ባዶ ከስድስተኛው ቀለም በኋላ፣ ሁለቱን ከዐሥራ ሁለተኛው በኋላ መተው ይሻላል፤ ስንኙ በራሱ የሚተነፍስበት ቦታ እዚያ ነው።

ከዚህ የባሰው ማጥበቅና ማላላት ነው። «ገና ነው» ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ሰምና ወርቁ ብዙ ጊዜ የተንጠለጠለው በዚህች ክር ላይ ነው። የሚጠብቀው ፊደል አጭር ኖታ ላይ ከወደቀ ወይም ድምፁ ሲቆራረጥ ማጥበቂያዋ ከተቀነጠሰች፣ ወርቁ ይፈሳል፣ ሰሙ ብቻ ይቀራል። ኤዲቲንግ ሲያልቅ ግጥሙን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው አሰምቶ «ምን ሰማህ?» ማለት ከማንኛውም የኮምፒውተር ፕላግ-ኢን ይበልጣል።

አንድ ነገር በመሐል። የጣና ገዳማትን ቅዳሴና ማኅሌት ቀርጾ ከቤዝ ሥር የማስገባት ሐሳብ በየጊዜው ብቅ ይላል። ባይሆን ይሻላል። አማኙ መቀየሙ አንድ ነገር ነው፤ በሙያ ዐይንም የያሬዳዊ ዜማ እርዝማኔ በትንፋሽና በመቋሚያ ይለካል እንጂ በ112 ክሊክ አይለካም። ከክሊክ ጋር ለማስገጠም መቆራረጥ አለበት፤ ሲቆራረጥ ደግሞ የቀረው ጌጥ ብቻ ነው፤ ያው በዋሽንቱ ዐሥር ሰከንድ የጀመርነው ነገር።

ጌጥነቱ በገንዘቡም ይታያል። በብዙ ቡድን ውስጥ ድምፃዊው፣ አቀናባሪውና ጊታሪስቱ አባል ናቸው፤ ማሲንቆ መቺው የቀን ሒሳቡን ተቀብሎ የሚሄድ ነው። ለልምምድ አይጠራም፤ የሚጠራው ለቀረጻ ነው። ሳይለማመድ የመጣ ሰው ስምንት ባር ከመሙላት ያለፈ ምን ሊያደርግ ይችላል? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ (ተጫዋቹ) በተቀረጸ ክዋኔው ላይ መብት አለው፤ መብቱም ለሃምሳ ዓመት ይጠበቃል። ያ መብት በአንድ ቀን ክፍያ፣ ያለ ወረቀት፣ በዝምታ ሲታለፍ ነው የምናየው። ከቀረጻው በፊት አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ዜማው የማን ነው፣ ግጥሙ የማን ነው፣ ቅንብሩ የማን ነው፣ ከዩቲዩብና ከመድረክ የሚገባው በስንት በስንት ይከፈላል፣ አንዱ ከቡድኑ ቢወጣ ምን ይሆናል። የዘፈኑ መነሻ የሕዝብ ዜማ ከሆነም ይጻፍ፤ «ዜማ፦ የሕዝብ» ማለት አያሳፍርም፤ የሕዝቡን ዜማ በራስ ስም ማስመዝገብ ግን ያሳፍራል።

የዘፈኑ ብዛትም ይታሰብበት። አልበም ሲባል ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ አራት ዘፈን የመደርደር ልማድ ከካሴት ዘመን የወረስነው ነው። አዲስ ቡድን ስድስት ዘፈን በትክክል ቢሠራ ይበቃዋል፤ ሦስቱ ጭክጭካው ባለቤት የሆነባቸው፣ ሁለቱ ቢቱ ባለቤት የሆነባቸው፣ አንዷ ያለ ማሽን። የመጨረሻው ሚክስ በስቱዲዮ ድምፅ ማጉያ ብቻ አይፈረድበት። በርካሽ ስልክና በባጃጅ ስፒከር ይሰማ። ስልክ ላይ ሎግ ድራሙ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ የሚቀረው ሃይ-ሃት፣ ማሲንቆና ድምፅ ነው፤ ያች 45 ሚሊሰከንድ መደናቀፍ ካለች እዚያ ላይ ራቁቷን ትወጣለች። ማስተሪንጉም (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ከልክ በላይ አይጨመቅ፤ ስፖቲፋይ ሁሉንም ወደ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ከዜሮ በታች ስለሚያመጣው መጮህ ትርፍ የለውም፤ ጫፉም ከዜሮ በታች አንድ ዴሲቤል ላይ ይቁም።

ምረቃው ሐይቁ ዳር ከሆነ ለክራር መቺው ሁለት ክራር ይዘጋጅ፤ ስድስት ክር ከትዝታ ወደ አምባሰል መቀየር ሕዝቡ ፊት ረጅም ጊዜ ነው። ወይም ዘፈኖቹ በቅኝት በቅኝት ይደርደሩ። ማይኮቹ የነፋስ ስፖንጅ ይልበሱ። የድምፅ ፍተሻው በዐሥር ሰዓት ፀሐይ ላይ ተደርጎ ዝግጅቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከጀመረ ማሲንቆው ከተቃኘበት መውረዱ አይቀርም፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የሐይቁ እርጥበት ይነሣል፣ ቆዳው ይረግባል። ከሁለተኛው ዘፈን በኋላ ሁለት ደቂቃ ለመቃኛ ይመደብ። ድምፃዊው ያን ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ይጫወት፤ ላፕቶፑ ግን ማሲንቆው እስኪቃኝ ዝም ይበል።